ስለ ጥሩምባ ነፊው ስለ ሃሪ ጄምስ

አባት ለልጁ ያስተማረው ሞያ ከዘመኑ ጋር ሊለወጥ ይገባዋልን? ስለዚህ ነገር የአሜሪካዊውን የሃሪ ጄምስን ታሪክ ልንጽፍ ወደድን፤ ዓመታቱም በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

አባቱ የሰርከስ ሙዚቀኞች አለቃ ነበሩና፥ በየቀኑ ከጥሩምባ መማሪያው መጽሐፍ አንዲት ገጽ እየሰጡ፥ ያችን ሳያጠና ወደ ሌላ ጨዋታ እንዳይሄድ ይከለክሉት ነበር። ከየኔታ ፊት ተቀምጦ ፊደል የቈጠረ ሰው ይህን አያያዝ ያውቀዋል።

በ1939 ዓ.ም. የራሱን ባንድ አቆመ፤ ስዊንግ በሚባለውም የዳንስ ሙዚቃ ስሙ ገነነ። ከጦርነቱ በኋላ ብዙዎቹ ታላላቅ ባንዶች ሲበተኑ፥ እርሱ ግን በቀድሞው ዝናው ብቻ ሊኖር አልወደደም። በ1950ዎቹ ዓመታት ለካውንት ቤሲ ባንድ ይጽፉ ከነበሩት ከኒል ሄፍቲና ከኧርኒ ዊልኪንስ አዲስ ቅንብር አጻፈ። አባቱ ያስተማሩት ጥሩምባ ሳይለወጥ፥ ከኋላው የሚመልሱለት ሳክስፎኖችና ትሮምቦኖች አካሄዳቸው ተለወጠ።

እኛን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን በ1976 ዓ.ም. በሆሊውድ ያስቀረጸው ሸክላ ነው። ድምፁ በቴፕ ሳይያዝ ሸክላው በሚታተምበት ሰሌዳ ላይ በቀጥታ ስለሚቀረጽ፥ አንዱ ተጫዋች ቢሳሳት የዚያ ገጽ ዜማ ሁሉ ከመጀመሪያው ይደገማል። ሃሪ ጄምስ ያን ጊዜ የ60 ዓመት ሰው ነበረ፤ ስሙንም ለዚህ ፈተና ሰጠ።

በ1983 ዓ.ም. ሊሞት 9 ቀን ሲቀረው እንኳ በሎስ አንጀለስ ከባንዱ ጋራ ጥሩምባውን ነፍቶ ነበር።