ጥፊ ምርመራ አይደለም

«ይህ ፖሊስ ጎበዝ ነው፤ አንድ ጥፊ ሲያቀምሰው ሁሉንም ዘከዘከው!» ይህን አባባል ያልሰማ ማን አለ? ውድ አንባቢ ሆይ፣ ምናልባት አንተም ብለኸው ይሆናል። ክርክራችን ከዚህ አባባል ጋር ነው።

እስቲ እናስተውል። ከሶዶ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው አረካ የገበያ ከተማ ናት። ዝንጅብል፣ ጎደሬና ቅቤ ይዞ ከቦሎሶ ሶሬ ቀበሌዎች የሚመጣው ገበሬ ገንዘቡን ቋጥሮ ይመለሳል። ያ ገንዘብ ሲጠፋ «ሌባ! ሌባ!» ይባላል፤ አጠገቡ የተገኘ አንድ ወጣት ይያዛል፤ ሕዝቡም ይከበዋል። የፖሊስ ማንነት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። መጥፎው ፖሊስ ሕዝቡ የጀመረውን ዱላ ተቀብሎ ይጨርሳል። ጥሩው ፖሊስ ግን አስቀድሞ ተያዡን ከሕዝቡ እጅ ያወጣዋል። ያዩ ሰዎች ሳይበተኑ ስማቸውን ይመዘግባል። የባለገንዘቡን ቃል ይጽፋል፣ አንብቦ ያሰማዋል፣ ያስፈርመዋል። ወላይትኛ ብቻ ለምትሰማ እናት በአማርኛ ጽፎ «እዚህ ላይ ፈርሚ» ማለት ቃል መቀበል አይደለም። «ለነዳጅ» ወይም «ለወረቀት» ብሎ እጅ መዘርጋትም ጉቦ እንጂ ሌላ ስም የለውም።

ሕጉ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ ላለመናገር መብት እንዳለው፣ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ ተገድዶ የሰጠው ቃልም ማስረጃ እንዳይሆን ደንግጓል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 424 ተጠርጣሪን የሚያሠቃይን መርማሪ ራሱን ወንጀለኛ ያደርገዋል፤ ድርጊቱ ከባድ ሲሆን ቅጣቱ እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። እንግዲያውስ ያጨበጨብንላት ጥፊ ምን ነበረች?

«ካልተመታ አያምንም፤ በዋስ ወጥቶ ይስቅብናል» የሚሉ አሉ። የተዘረፈ ሰው ቁጣ ይገባናል። ይሁን እንጂ የሚደበደብ ሰው የሚናገረው እውነቱን ሳይሆን ዱላውን ያስቆምልኛል ያለውን ነው። ይህ ወጣት «አዎን፣ እኔ ነኝ» ባለ ጊዜ መዝገቡ ይዘጋል፤ እውነተኛው ሌባ ግን የገበሬውን ገንዘብ ይዞ ሶዶ ደርሷል! ጥፊው ማንን ጠቀመ? ሌባውን አይደለምን?

ጉዳዩ ከአንድ ቋጠሮ ገንዘብም ያልፋል። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. የወላይታ ዞን አመራሮችና ሌሎች ሰዎች መታሰራቸውን ተከትሎ በሶዶና በቦዲቲ ተቃውሞ ሲነሣ ከአሥር የሚበልጡ ሰዎች በጸጥታ ኃይሎች ጥይት ሕይወታቸውን አጥተዋል። እንዲህ ያለ ሐዘን ያየ ሕዝብ የደንብ ልብስ ሲያይ ቢሸሽ ይፈረድበታልን? ያን አመኔታ በየቀኑ በትዕግሥት መልሶ የሚገነባው በጣቢያው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ተራ ፖሊስ ነው። የተፈራ ፖሊስ ጥቆማ አያገኝም፤ የታመነ ፖሊስ ግን የመንደሩ ሰው ሁሉ ዓይኑ ነው።

በእርግጥ ሸክሙን ሁሉ በፖሊሱ ትከሻ ላይ መጣል ፍትሐዊ አይደለም። በአነስተኛ ደመወዝ ሌሊቱን በእግሩ የሚዞር፣ ለምርመራ ተሽከርካሪ የሚያጣ ፖሊስ ብዙ ነው። ሕግ አክብር የሚለው መንግሥት ሕግ የሚያከብርበትን መሣሪያ ሊሰጠው ይገባል። እኛስ? ገበያ ላይ «በለው!» ብለን የጮኽን ሰዎች ለምስክርነት ስንጠራ «አላየሁም» እንላለን። ጩኸታችን ያስደበድባል፤ ዝምታችን ሌባውን ነጻ ያወጣል።

ስለዚህ ወገኖች፣ ምስጋናችንን እናርመው። ከእንግዲህ «ጎበዝ ፖሊስ» የምንለው በጥፊ ያናዘዘውን አይሁን። የምናመሰግነው እጁን ሰብስቦ ብዕሩን ያነሣውን፣ የ48 ሰዓቱንም አደራ የጠበቀውን ይሁን። ነገ በስሕተት የሚያዘው የእኛው ልጅ ሊሆን ይችላልና!