ጫማው የነገረን

ዛሬ ስለ ልጄ ጫማ ላጫውታችሁ።

ልጄ 26 ዓመቱ ነው፤ ዳውን ሲንድሮም አለው። ቤት ውስጥ እስካሁን «ማሙሽ» ነው የምንለው። ጠዋት ጠዋት ዳቦ የሚገዛልን እሱ ነበር። ባለፈው ክረምት ግን መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ እየተቀመጠ መቆየት ጀመረ፤ ኋላም ጭራሽ «አልሄድም» አለ። አያቱ «ስንፍና ነው፤ እናንተ ናችሁ ያሞላቀቃችሁት» አሉ። እኔም አልዋሽም፣ ተቆጣሁት።

እውነቱን የነገረን የሰፈራችን ጫማ ሰፊ ነው። ጫማውን ገልብጦ እያሳየኝ፣ «እትዬ፣ በውስጥ በኩል ብቻ ነው ያለቀው። ይሄ ልጅ እግሩን ሳያመው አይቀርም» አለኝ። ማሙሽን ስጠይቀው የእግሩን መሃል በጣቱ ነካ። ለካ ሲያመው ኖሯል፤ የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም።

ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ወሰድኩት። ዳውን ሲንድሮም ያለበት ሰው ጡንቻው ልል፣ አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማቱም የላላ ነው። ስለዚህ ሲቆም የውስጥ እግሩ ጎድጓዳ ብዙ ጊዜ መሬት ላይ ይተኛል። እኛ ስንራመድ ክብደታችን ተረከዝ ላይ ያርፍና በውጭው ጠርዝ አልፎ፣ በአውራ ጣት ገፍተን እንነሳለን። ማሙሽ ግን ክብደቱን መሃል እግሩ ይሸከመዋል፤ የጣቱም ግፊት ደካማ ነው። ሚዛኑን ለመጠበቅ እግሩን ከፈት፣ እርምጃውን አጠር ያደርጋል። ያው መንገድ እሱን ከእኛ ይበልጥ ያደክመዋል።

ቤት ተመልሰን እግራችንን አርጥበን ሲሚንቶው ላይ ቆምን። የእኔ አሻራ መሃሉ ጎድሎ ታየ፤ የማሙሽ ግን ሙሉ ነበር። እናንተም ሞክሩት። አያቱ አሻራውን ዝም ብለው አዩት።

ጫማውም ላይ አጥፍተናል። እግሩ አጭርና ሰፊ ስለሆነ፣ ወርዱ እንዲበቃው ብለን በቁመት የሚበልጠውን እንገዛለት ነበር፤ ባዶው ጫፍ ያደናቅፈዋል። አሁን የሚያደርገው ፊቱ ሰፊ፣ የተረከዙ ዙሪያ ጠንካራ፣ በማሰሪያ የሚጠብቅ ጫማ ነው፤ ጎድጓዳውን የሚደግፍ የውስጥ ሶልም ገብቶለታል። ግድግዳ ይዞ በእግር ጣቶቹ መነሳትም ይለማመዳል።

አንድ አደራ አለኝ። የልጃችሁ አካሄድ በድንገት ከተለወጠ፣ መውደቅ ካበዛ፣ አንገቱን ካመመው፣ እጁ ከደከመ ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው «እግሩ ነው» ብላችሁ አትቀመጡ። ዳውን ሲንድሮም ባለባቸው ሰዎች ላይ የላይኞቹ ሁለት የአንገት አጥንቶች ሊላሉና ህብለ ሰረሰርን ሊጫኑ ይችላሉ። በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ማሙሽ ዳቦ መግዛቱን ቀጥሏል። አንዳንድ ቀን አሁንም ድንጋዩ ላይ አረፍ ይላል፤ ማንም አይቆጣውም። አያቱ በር ላይ ቆመው ይጠብቁታል። ሲመለስ ዳቦውን ሳይቀበሉ በፊት፣ «እግርህን አመመህ ወይ ልጄ?» ይሉታል።