ሶሲዮሎጂ የሚማር ሰው መጠየቅ ይልመድ



ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ የመውጫ ፈተና ይቀመጣል። የሶሲዮሎጂ ተማሪም ዱርካይም ያለውን፣ ዌበር ያለውን፣ ማርክስ ያለውን ከሞጁል እየሸመደደ ይሰነብታል። ንድፈ ሐሳቡ ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ ገጠር ወርዶ ያየው ሁሉ ዝርዝር ወሬ ሆኖ ይቀራል። ትምህርቱ እዚያ ላይ ከቆመ ግን ጎደሎ ነው። ተማሪው ከሁሉ በላይ ሊማር የሚገባው ሰው ዘንድ ሄዶ በወጉ መጠየቅን፣ የሰማውን ማመሳከርንና ያገኘውን ለባለቤቱ መመለስን ነው።

ምስክሩ እዚሁ ጎጃም አለ። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን በ1950ዎቹ ደጋ ዳሞት ገብቶ ከገበሬው ጋር ተቀመጠ። ከሩቅ ለሚያይ ርስት አባት ለልጁ የሚያወርሰው የታወቀ ቁራሽ መሬት ይመስላል። ሆበን የዘር ሐረግ እያስቆጠረ፣ የመሬት ሙግት እየተከታተለ ያገኘው ሌላ ነው። ሰው በአባቱም በእናቱም ወገን እየቆጠረ ከብዙ ዋና አባቶች፣ ማለትም መሬቱን መጀመሪያ ከያዙ ቅድመ አያቶች፣ መሬት መጠየቅ ይችላል። እጁ የሚገባው ግን እንደ ወገኑ ብርታት፣ እንደ ማዕረጉና እንደ ሙግት ችሎታው ነው።

ይህን ሳይጠይቁ ማዘዝ የሚያስከትለው በ1960 ዓ.ም. ታየ። መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ሲያውጅ አዲስ አበባ ላሉት ሹማምንት ጉዳዩ የገቢ ነበር። የጎጃም ገበሬ ግን የመሬት ልኬታና ግምት ርስቱን የሚያሳጣው መስሎ ታየውና አመፀ። ደጋ ዳሞትም ካመፁት ወረዳዎች አንዱ ነበር። ጦር ተልኮ ደም ከፈሰሰ በኋላ መንግሥት ውዝፉን ግብር ማረ።

መጠየቅ ማለት አንድ ጥያቄ ጠይቆ መመለስም አይደለም። ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. በአማራ ክልል ሞሰቦ በምትባል የገጠር መንደር «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ፕሮግራም ያለ ዕድሜ ጋብቻን ለማስቀረት ሠርቶ ነበር። ልጃገረዶች በትምህርት እንዲቆዩ ይደገፉ፣ ሳይድሩ ለቆዩ ቤተሰቦች የቤት እንስሳ ይሰጥ ነበር። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጆች ላይ ጋብቻ እጅግ ቀነሰ። ከ15 እስከ 19 ባሉት ግን ለንጽጽር ከተያዘችው መንደር ይልቅ በዝቶ ተገኘ። አጥኚዎቹ ዕድሜን ለይተው ባይጠይቁ ኖሮ ሁለተኛው እውነት አይታወቅም ነበር።

የጎጃሟን ማንኩሳ አገር የሚያውቃት በሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ ልብ ወለዱ ከታተመ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ። የዛሬዋን ማንኩሳ ግን ማን ይጠይቃት? በርበሬውን ጭኖ ገበያ የሚወጣ ገበሬ ዋጋውን የሚሰማው ከማን ነው? የመሬት ይዞታ ደብተር በባልና ሚስት ስም መውጣቱ ፍቺ ሲመጣ ለሚስቲቱ ምን ለወጠላት? ይህን ባሏ ባለበት ቢጠይቋት መልሱ አንድ ነው፤ ጎረቤቶቿ መካከል ቡና ላይ ቢጠይቋት ሌላ ሊሆን ይችላል። ቡሬ ላይ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲሠራ ማሳውን የለቀቀ ገበሬ ካሳውን ምን ላይ አዋለው? ለውርስ የሚበቃ መሬት የሌለው ቤተሰብ ልጅስ እንዴት ጎጆ ይወጣል?

እነዚህን ለመጠየቅ ከአካባቢው ተወላጅ ተማሪ የተሻለ የለም። ቋንቋውን ያውቃል፤ ማንን በምን ሰዓት ማነጋገር እንደሚገባ ያውቃል። የሚያስቸግረው የለመደውን ነገር እንደ አዲስ ማየት ነው፤ ንድፈ ሐሳቡም የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ሌላም ጉድለት አለ። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ጊዜውን ሰጥቶ፣ የቤቱን ጉዳይ ገልጦ የተናገረ ገበሬ ስለ ራሱ የተጻፈውን አያነበውም፤ ስሕተት ቢኖርበትም አያርመውም።

ስለዚህ የደብረ ማርቆስና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ቢያደርጉ መልካም ነው። እያንዳንዱ የሶሲዮሎጂ ተማሪ በክረምት ዕረፍቱ በትውልድ ቀበሌው አንድ ጥናት ይሥራ። ውጤቱን በሁለት ገጽ አማርኛ ጽፎ በእድር ወይም በቀበሌ ስብሰባ ላይ ያንብብ። የሰዎቹ እርማትና ተቃውሞም በጽሑፉ ውስጥ ይግባ፤ መምህሩም ማርክ ሲሰጥ ይህን ጭምር ይመዝን።


አንድ አንባቢ፣ ከማንኩሳ