ስምንት ከተማ በ12 ቀን አይታይም



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰሞኑን በወጣቶቻችን ዘንድ ደስ የሚል ነገር እያየሁ ነው። ዕቁብ ጥለው፣ ተሰባስበው፣ አገር ለማየት ይነሳሉ። በተለይ የምሥራቅ አፍሪካ የባሕር ዳርቻ የብዙዎች ምኞት ሆኗል። ሞምባሳ፣ ላሙና ዛንዚባር መስጂድ የበዛባቸው፣ አዛን ከባሕሩ ድምፅ ጋር የሚሰማባቸው ቦታዎች ናቸው። ምኞቱ መልካም ነው። ቅር የሚለኝ ዕቅዱ ነው።

በቅርቡ አምስት ጓደኛሞች ስለ ቀስር ሶላት ሊጠይቁኝ መጥተው ዕቅዳቸውን አሳዩኝ። ናይሮቢ፣ ሞምባሳ፣ ማሊንዲ፣ ላሙ፣ ዳሬሰላም፣ ዛንዚባር፣ ፔምባ፣ ኪልዋ። ስምንት ቦታ በ12 ቀን። ገንዘቡ የአንድ ዓመት ቁጠባቸው ነው።

ቁጭ ብለን ቆጠርነው። በስምንት ቦታ መካከል ሰባት ጉዞ አለ። ከናይሮቢ ሞምባሳ በባቡር ግማሽ ቀን ይሄዳል። ከሞምባሳ ላሙ በመኪና ከስድስት ሰዓት በላይ ነው፤ ሞኮዌ ከደረሱ በኋላ ደግሞ በጀልባ መሻገር አለ። ከሞምባሳ ዳሬሰላም ድንበር አቋርጦ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ኪልዋ ከዳሬሰላም ወደ ደቡብ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ደሴቱ ላይ ለመድረስም ጀልባ ያስፈልጋል። መነሻውና መመለሻው ሲታከልበት ከ12ቱ ቀን ወደ ዘጠኙ በመንገድ፣ በወረፋና በሻንጣ ያልቃል። ለስምንት ከተማ የሚቀረው ሦስት ቀን ነው።

እኔ የምለው አጭር ነው። ሦስት ቦታ ምረጡ፤ ሌላውን ተዉት። በመረጣችሁት ቦታ እደሩ፣ ስገዱ፣ ከሰው ጋር ተቀመጡ።

ፊቅሃችንም ይህን ልዩነት ያውቀዋል። መንገደኛ ስለ ሶላቱ ሲጠይቅ ዑለማዎች «ስንት ከተማ ታያለህ?» አይሉትም፤ «እዚህ ስንት ቀን ለመቆየት ነይተሃል?» ይሉታል። በሻፊዒይ መዝሀብ የገባበትና የሚወጣበት ቀን ሳይቆጠር አራት ሙሉ ቀን ለመቆየት የነየተ ሰው እንደ ነዋሪ ይቆጠራል፤ ሶላቱንም ሞልቶ ይሰግዳል። በሐነፊይ መዝሀብ ደግሞ 15 ቀን ነው። ስለ እያንዳንዱ ከተማ ራሳችሁን ይህንኑ ጠይቁ። ነያችሁ «ደርሼ ፎቶ አንስቼ ልውጣ» ብቻ ከሆነ ያን ከተማ ከዝርዝሩ ሰርዙት።

አንዱ ወንድማችን «ኡስታዝ፣ ሁለተኛ ላንሄድ እንችላለን፤ በተገኘው አጋጣሚ ሁሉንም ብናይ አይሻልም?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቲኬት ውድ ነው፤ ዕድሜም አላህ ዘንድ ነው። ግን ሁለተኛ የማይገኝ ነገር ቀስ ተብሎ ነው የሚያዘው። አንድ ጊዜ ብቻ የምታገኘውን ሽማግሌ በር ላይ ሰላም ብለኸው ትሮጣለህ ወይስ ከጎኑ ትቀመጣለህ?

ኢብኑ በጡጣን አስቡት። እ.ኤ.አ. በ1331 አካባቢ ከዘይላዕ ተነስቶ፣ መቅዲሾ አርፎ፣ በዚሁ ባሕር ወደ ሞምባሳና ኪልዋ ወርዷል። ዘይላዕ ለሐረርም ሆነ ለጥንቱ የይፋት ሡልጣኔት የባሕር በር ነበረችና ታሪኩ ለእኛም ቅርብ ነው። ሞምባሳ ያደረው አንድ ሌሊት ብቻ ነው። «እሱስ አንድ ሌሊት አይደል ያደረው?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ነገር ግን ያየውን ተመልከቱ። በእንጨት አሳምረው ስለሠሯቸው መስጂዶች፣ በየመስጂዱ በር ስላለው ጉድጓድ፣ ሰው ውኃ ቀድቶ እግሩን ታጥቦ፣ በሩ ላይ በተነጠፈው ምንጣፍ አድርቆ እንደሚገባ ነው የተረከልን። መስጂድ ሄዶ ሰውን ስላስተዋለ ይኸው ሰባት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እስከ ዛሬ ይነበባል።

እንግዲህ ለ12 ቀን የሚሆን ዕቅድ ላቅርብ። ሲበዛ የሚጠቅመው ነገር በአንድ በር ገብቶ በሌላው መውጣት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሞምባሳም ወደ ዛንዚባርም በረራ አለ። በሞምባሳ ገብታችሁ በዛንዚባር ብትመለሱ የሄዳችሁበትን መንገድ አትደግሙም።

እሑድ ተነስታችሁ ሞምባሳ ሁለት ሌሊት እደሩ። ፖርቹጋሎች እ.ኤ.አ. ከ1593 ጀምሮ የገነቡትን ፎርት ጂሰስ ምሽግና አሮጌውን ከተማ በእግራችሁ እዩ። ማክሰኞ ወደ ላሙ ሂዱና አራት ሌሊት ቆዩ። የላሙ አሮጌ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ዕቃ የሚጓጓዘው በአህያ ነው። ጁሙዓ እዚያው ይግጠማችሁ። ከኮሞሮስ የመጡት ሐቢብ ሷሊሕ ያቋቋሙት የሪያዳ መስጂድ ለምሥራቅ አፍሪካ የዒልም ማዕከል ሆኖ የኖረ ነው። መንገደኛ ላይ ጁሙዓ ግዴታ ባይሆንም በዚያ መስጂድ ሰፍ ውስጥ መቆምን አትለፉት። ቅዳሜ ሞምባሳ ተመልሳችሁ አንድ ሌሊት እደሩ፤ ይህች ሌሊት መኪና ወይም ጀልባ ቢዘገይ የምታድናችሁ ናት። ከእሑድ ጀምሮ ዛንዚባር አራት ሌሊት፤ ሐሙስ ወደ ቤት።

በዛንዚባር አንድ ቀን ወደ ደሴቱ ደቡብ፣ ወደ ኪዚምካዚ ውረዱ። እዚያ ያለው መስጂድ በ500 ዓመተ ሂጅራ የተጻፈ የኩፊ ጽሑፍ አለው። ሌላውን ቀን ደግሞ ለከባዱ ታሪክ ስጡ። የባሪያ ገበያው እ.ኤ.አ. በ1873 የተዘጋው በዚያው ከተማ ነው፤ በቦታው አሁን የአንግሊካን ካቴድራል ቆሟል። ከሚነግዱት መካከል ሙስሊሞች ነበሩ። የሚያምረውን በር ፎቶ አንስቶ ይህን መዝለል ታሪክን ግማሽ ማንበብ ነው።

ኪልዋን መተው ያማል። የትልቁ መስጂድ ፍርስራሽ እዚያ ነው። ቢሆንም ለብቻው ጉዞ ይገባዋል፤ በሩጫ አይታይም።

አሁን ወደ አሠራሩ። ጊዜያችሁን በነፋሱ ምረጡ። ካስካዚ የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ይነፍሳል፤ ደረቅና ጥሩ ወቅት ነው። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ትልቁ ዝናብ ነው፤ ያኔ አትሂዱ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያዙ፤ ታንዛኒያ ከኢትዮጵያም ከኬንያም ለሚመጣ ሰው ትጠይቃለች። ዛንዚባር እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ከውጭ አገር ጎብኚ የ44 ዶላር የጉዞ ኢንሹራንስ ትጠይቃለች፤ በጀታችሁ ውስጥ አስገቡት። የቪዛ ደንብ ስለሚቀያየር ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ኤምባሲዎቹን ጠይቁ። በላሙ መንገድ ላይ ከዚህ ቀደም ጥቃት ደርሶ ያውቃል፤ ስለ ጸጥታው በወቅቱ አጣሩ፤ አስጊ ከሆነ ከሞምባሳ በአውሮፕላን ሂዱ ወይም ቀኖቹን ለዛንዚባር አድርጉት።

ከመነሳታችሁ በፊት ሠላሳ የስዋሂሊ ቃል አጥኑ። ኪታቡ፣ ዋካቲ፣ ሳፋሪ፣ ሀባሪ፤ መድረሳ የገባ ሰው ሥራቸውን ከዐረብኛ ያውቀዋል። የአገሩ ሰው በሚሰግድበትና በሚኖርበት ቦታ እንደ ቱሪስት ሳይሆን እንደ ወንድም ግቡ። ልብሳችሁን አስተካክሉ፤ የሚሰግድን ሰው ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ፤ ሴቶችንም እንዲሁ።

የመጨረሻው ስለ ገንዘብ ነው። ዕዳ ያለበት ወንድም አበዳሪውን ሳያናግር አይነሳ። ወላጅ የሚጦር ሰው የወሩን አስቤዛ አስቀምጦ ይሂድ። ከስምንት ከተማ አምስቱን መሰረዝ ብዙ ወጪ ይቀንሳል፤ ከቀረው ላይ ለእናት የሚሆን ነገር ይገኛል።

አላህ ጉዞአችሁን የሰላም ያድርገው። ወላሁ አዕለም።