ወንድም ጋሼ በ44 ዓመቱ «ተማሪ ልሁን» አለኝ

ለዛሬ የመረጥኩት ደብዳቤ እንደወትሮው የፍቅር ጣጣ አይደለም። ቢሆንም ካነበብኩት ወዲህ ከራሴ አልወጣ ብሎኛል። ጸሐፊዋ የ27 ዓመት ወጣት ናት። ቢቸና ተወልዳ አድጋ፣ አሁን አዲስ አበባ በሒሳብ ሠራተኛነት ትተዳደራለች። ስሜን አደራ ብላለች፤ ትቼዋለሁ። ረጅሙን ደብዳቤ አሳጥሬ እነሆ፦

«አባታችን ሲሞት እኔ 7 ዓመቴ፣ ወንድም ጋሼ 24 ዓመቱ ነበር። እናታችን ቢቸና ጠላ እየጠመቀች ትሸጣለች፤ እሱ በ12+1 ሠልጥኖ ሞጣ ያስተምራል። ለራሱ ያሰበውን ትምህርት ሁሉ ትቶ እኔን አስተማረኝ። ደብተሬን፣ ዩኒፎርሜን፣ ዩኒቨርሲቲ ስገባም የኪስ ገንዘቤን የቻለው እሱ ነው። ዲግሪውን እንኳ የያዘው በክረምት በክረምት እየተማረ ነው። አሁን ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት። በቀደም ደውሎ ‹ማስተርስ ልማር ነው› አለኝ። ደስ ብሎኝ ምን ልትማር ነው ስለው ‹ሥነ ጽሑፍና ፎክሎር› አይለኝ መሰለዎት! ሁለት ዓመት በመደበኛው ሊማር፣ እኔ በየወሩ ለቤቱ 4 ሺህ ብር ልልክ! እኔ ደግሞ እጮኛ አለኝ፤ ለሠርጋችን እቁብ ገብተናል። ማኔጅመንት እንኳ ቢማር አንድ ነገር ነው። በዚህ ዕድሜ ተረትና ሙሾ መልቀም ምን ይሠራለታል? እምቢ ብል ውለታ ቢስ ልባል ነው። እሺ ብል ሠርጌ ሊቀር ነው። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ ከቀላሉ ልጀምር። «በዚህ ዕድሜ» የምትይውን ነገር ተይው። እኔም የቢቸና ልጅ ነኝና ይህን ቃል ካንቺ አልጠበቅሁም። ዲማ ጊዮርጊስ እኮ ጎረቤታችን ነው! በቤተ ክህነቱ ትምህርት ዜማ የዘለቀ ሰው ቅኔ ቤት ሲገባ እንደገና ጀማሪ ነው። ቅኔውን ጨርሶ ብሉይ ወይም ሐዲስ ልማር ብሎ መጻሕፍት ቤት ሲገባም ያው ከታች ነው የሚጀምረው። ጢሙ የሸበተ መሪጌታ ከልጁ እኩያ ጎን ተቀምጦ ሲቀጽል የሚስቅበት የለም። እንዲያውም ይከበራል። ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ዲማ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም እሳቸው 50ን አልፈው ነበር። ታዲያ 44 ምኑ ነው?

«ምን ይሠራለታል?» ያልሽው ግን ከበድ ይላል። አልፈርድብሽም፤ አንቺ የ70/30 ዘመን ልጅ ነሽ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው መቶ ተማሪ 70ው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲሄድ ሲደረግ ነው ያደግሽው። ሥነ ጽሑፍ የሚማር ሰው ሌላው ቦታ ሞልቶበት የተረፈ ቢመስልሽ አያስገርምም።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ይህ ዲግሪ ወንድምሽን ሀብታም አያደርገውም። እሱም ይህን የሚያጣው አይመስለኝም። ግን የሱ ሐሳብ የብቻው እብደት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ዌስሊያን የሚባል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1953 ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች፣ በተለይም መምህራን፣ ተመልሰው ሥነ ጽሑፉንም ታሪኩንም ፍልስፍናውንም የሚማሩበት የሁለተኛ ዲግሪ ፕሮግራም ከፍቶ ነበር። ሌሎችም ተከትለውታል። በኛም አገር ለሁለተኛ ዲግሪ ድሮ አዲስ አበባ መምጣት ግድ ነበር፤ ዛሬ ባሕር ዳርም አለ፣ ደብረ ማርቆስም አለ። ደግሞስ የሞጣና የቢቸና አልቃሾች የሚያወርዱትን ሙሾ ማን ጽፎ ያዘው? አንዲት አሮጊት በሞተች ቁጥር አብሮ የሚቀበር ነገር አለ። ሃያ ዓመት አብሯቸው የኖረ መምህር ካልለቀመው፣ ከአዲስ አበባ መጥቶ የሚለቅመው የለም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ስለ ወንድምሽ አለ፣ ስላንቺ አለ፣ ስለ እጮኛሽ አለ። ስለ ሚስቱ ያለው ግን «ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት» የሚል ብቻ ነው። በቃ! እሷ ምን አለች? ጠይቀሻታል?

ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። እኔም በ40 ዓመቴ ተማሪ ሆኛለሁ። ለባለቤቴ የነገርኳት የተመዘገብኩ ዕለት ማታ ነው። ነገርኳት እንጂ አልጠየቅኋትም። እሷ ትንሽ የልብስ ሱቅ ነበረቻት። እኔ ማታ ማታ ክፍል ስገባ ልጆቹን የሚይዝ ጠፋና በስድስተኛው ወር ሱቋን ዘጋች። አንድ ቀን አልተጣላንም። የተመረቅሁ ዕለት ጋወኔን አስተካከለችልኝና «ዲግሪው የሁለታችን ነው፤ ፎቶው ግን ያንተ ብቻ ነው» አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው። እኔ ግን እስከ ዛሬ ያንን ፎቶ ግድግዳ ላይ መስቀል አልቻልኩም። ትምህርቴን አልጸጸትበትም፤ ያነበብኳቸውን መጻሕፍት በምንም አልለውጣቸውም። የሚጸጽተኝ ያንን አንድ ጥያቄ አለመጠየቄ ነው። ብጠይቃት ኖሮ እሺ ትለኝ ነበር።

የወንድምሽ ሚስት ነገር ደግሞ ከኔ ቤት ይብሳል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ስልክ ሲጠፋ ሲመጣ ያየ አገር ነው። ከደጀን በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚወጣውን መንገድ ታውቂዋለሽ። «ቅዳሜና እሑድ ይመላለስ» የሚልሽ ካለ፣ ካርታውን እንጂ መንገዱን አያውቀውም። በመደበኛው ቢሄድም ሦስት ልጅ ይዛ ሞጣ ብቻዋን የምትቀረው እሷ ናት። አንቺ የምትልኪው 4 ሺህ ብር አስቤዛ ይገዛል፤ በሌሊት በር ሲንኳኳ ግን አብሯት አይነሣም።

ስለዚህ ምክሬ ይኸውልሽ፦

አንደኛ፣ ለሚስቱ ደውይላት። በሱ ስልክ ሳይሆን በራሷ። «እትዬ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» በያት፤ ከዚያ ዝም ብለሽ አድምጪ። አልችልም ካለች ነገሩ ለጊዜው ይቆይ፤ ለወንድምሽም በግልጽ ይነገረው።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ ከመነሣቱ በፊት አገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ተፈትኖ ይለፍ። መሥሪያ ቤቱ ለትምህርት ይለቀው አይለቀው፣ ደመወዙ ይቀጥል አይቀጥል በጽሑፍ ያረጋግጥ። በቃል ተስፋ ሥራ አይለቀቅም።

ሦስተኛ፣ የምትችይውን እንጂ የጠየቀሽን አትስጪ። በወር 4 ሺህ በሁለት ዓመት 96 ሺህ ብር ነው። ግማሹን ከቻልሽ 48 ሺህ ነው፤ ይህም ቀላል አይደለም። ቁጥሩንና ማብቂያ ወሩን ቁርጥ አድርገሽ ንገሪው፤ እጮኛሽም ከወዲሁ ይወቀው። ሠርጉን አታስቀሪ፤ ድንኳኑን አሳንሺው። ዘመድ ለአንድ ሳምንት ያማሻል፤ ይለፈው።

አራተኛ፣ «ማኔጅመንት ተማር» አትበይው። አንቺን ሲያስተምር ምን ማጥናት እንዳለብሽ መረጠልሽ? ካልመረጠልሽ አንቺም አትምረጪለት።

አምስተኛ፣ መንገዱ እስኪረጋጋ ወይም ቤቱ እሺ እስኪል ቢዘገይም እጁን አጣጥፎ አይቀመጥ። ስልኩን ይዞ እዚያው ሞጣ አሮጊቶቹን ያነጋግር፤ ፈቃዳቸውን ጠይቆ ድምፃቸውን ይቅዳ። ክፍል የሚገባበት ቀን ሲመጣ ግማሹን ሥራ ይዞ ይገባል። አሮጊቶቹ እንደሆነ የምዝገባ ቀን አይጠብቁም።

ውለታን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ወንድምሽ ያደረገልሽን በገንዘብ ከፍለሽ አትጨርሺውም፤ አትሞክሪው። እሱም የደወለው ዕዳ ሊያስከፍል አይመስለኝም። ሃያ ዓመት ሙሉ «ምን ትፈልጋለህ?» ያለው ሰው ስለሌለ፣ በመጨረሻ ራሱ ተናገረ። መልስሽ «አዎ» ይሁን «ቆይ» ይሁን፣ መጀመሪያ «ወንድም ጋሼ፣ እንኳን ነገርከኝ» በይው።

እናንተም ወጣት አንባቢዎቼ፣ ያስተማራችሁ ታላቅ ካለ ዛሬ ማታ ደውሉና እሱ ምን መማር ይፈልግ እንደነበር ጠይቁት። በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!