የከዋክብት ሃይማኖትና የምድር ዕዳ

ከመካከላችን አንዳንድ ጓደኞች ስለ ሰማይና ስለ ከዋክብት አንድ ዓይነት እምነት መስበክ ይዘዋል። ሰው በምድር ተወስኖ ሊቀር አልተፈጠረም፤ ፍጥረተ ዓለሙን ሁሉ ይወርሳል፤ ሞትም ቢሆን በሳይንስ ይሸነፋል፤ ሃይማኖትና ዕውቀትም በዚያን ጊዜ ይታረቃሉ ይላሉ። ይህ ፍልስፍና ኮስሚዝም ይባላል፤ የተወለደውም በሩሲያ ነው። እኛ ነገሩን ከነታሪኩ ብንመረምረው እንደሚወራለት ሆኖ ስላላገኘነው፣ አሳባችንን በዚህች ጋዜጣ ለማቅረብ ተገደናል። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የፍልስፍናው አባት ኒኮላይ ፊዮዶሮቭ በሞስኮ በሩምያንጼቭ ቤተ መዘክር ለብዙ ዓመታት የመጻሕፍት ቤት ሠራተኛ ሆኖ የኖረ፣ ደመወዙን ለድኾች እየሰጠ ራሱ በችግር ያደረ፣ ቶልስቶይን የመሰለ ሰው ያከበረው ብሕትው ነበር። በ1903 ከሞተ በኋላ ደቀ መዛሙርቱ ጽሑፉን ሰብስበው በ1906 እና በ1913 «የጋራው ሥራ ፍልስፍና» በሚል ስም አሳተሙለት። ትምህርቱ ባጭሩ ይህ ነው፤ ሞት ከድንቁርናችንና ከወንድማማችነት ማጣት የመጣ ነውና ልጆች ሁሉ ተባብረው በሳይንስ ኀይል የሞቱትን አባቶቻቸውን ማስነሣት ይገባቸዋል፤ ምድርም ለተነሡት ሁሉ ስለማትበቃ በሌሎች ዓለማት ይሰፍራሉ።

ይህን ሰምቶ የሚስቅ ይኖራል። እኛ አንሥቅም። ለሞቱት ዕዳ አለብን የሚል ሰው ከማንም በላይ ሊደመጥ ይገባዋል። የምንጠይቀው ይህ ዕዳ በማን ላይ እንደ ተጻፈ ነው።

ፊዮዶሮቭ ዋናውን ጽሑፉን የሚጀምረው ከ1891ዱ የሩሲያ ረኀብ ነው። በዚያ ረኀብና ተከትሎ በመጣው በሽታ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አልቋል። እርሱም በአሜሪካ ፈንጂ በማፈንዳት ዝናም ለማዝነም መሞከሩን ሰምቶ፣ የዓለም ጦር ሠራዊት ሁሉ መድፉን ከሰው ላይ አንሥቶ ወደ ደመና ያዙረው አለ። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ያን ገበሬ የገደለው ደመና ብቻ ነበርን? ግብሩን ለመክፈል ሲል እህሉን እንዳጨደ በርካሽ ይሸጥ አልነበረምን? የንጉሡ መንግሥት እህል ወደ ውጭ አገር መላኩን ያገደው ረኀቡ ከታወቀ በኋላ ዘግይቶ አይደለምን? ፊዮዶሮቭ ግን ይኸንኑ ንጉሥ በአባት ቦታ አስቀምጦ የጋራው ሥራ መሪ አደረገው። መድፉን ወደ ሰማይ ሲያዞር ጎተራውን ማን እንደ ቆለፈው አልጠየቀም።

ሁለተኛው ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ ነው። በልጅነቱ በሕመም ጆሮው ደንቁሮ፣ ራሱን በራሱ አስተምሮ፣ በካሉጋ ከተማ መምህር ሆኖ የኖረ ሰው ነው። በ1903 ባሳተመው ጽሑፍ የሮኬት ፍጥነት ከሚተፋው ጋዝ ፍጥነትና ነዳጁ ከመቃጠሉ በፊትና በኋላ ካለው ክብደት እንዴት እንደሚሰላ አሳይቷል። ስፑትኒክ በ1957፣ ጋጋሪንም በ1961 ወደ ሰማይ የወጡት ይህ ሒሳብ በሚገዛው መንገድ ነው። ሒሳቡ ግን አማኝና ኢአማኝ አይለይም፤ ለሁሉም እኩል ይሠራል። ጺዮልኮቭስኪ ከሒሳቡ ጎን ያስተማረው ሌላ ነገር ነው። በዓለማት ሁሉ ፍጹማን ፍጥረታት ይኖራሉ፤ እያንዳንዷ አቶም ትሰማለች፤ ስለዚህ ሥቃይ እንዲቀር ፍጹም ያልሆነው ሕይወት ያለ ሕመም እየጠፋ ፍጹሙ ብቻ ይባዛ ይላል። ፍጹም ያልሆነውን የሚመርጠው ማን ነው? እኛ በየትምህርት ቤቱ ደንቆሮና ዕውር ተብለው ከበር የተመለሱ ልጆችን እናውቃለን። ደራሲው ራሱ በዚያ ሚዛን ቢመዘን ኖሮ ሮኬቱን ማን ያሰላ ነበር?

ሦስተኛው የጺዮልኮቭስኪ ወዳጅ አሌክሳንደር ቺዤቭስኪ ነው። በፀሐይ ላይ የሚታዩት ጥቁር ነጥቦች በ11 ዓመት ያህል እየበዙና እያነሡ ይመላለሳሉ፤ ይህ የተረጋገጠ የሥነ ፈለክ ዕውቀት ነው። ቺዤቭስኪ በ1924 ባሳተመው መጽሐፍ የሕዝብ አመፅና አብዮት ከዚሁ መመላለስ ጋራ ይሄዳል አለ። በ1942 መታሰሩን እናወግዛለን፤ አሳብ በወኅኒ አይመለስምና። አሳቡን ግን አንቀበልም። ጭሰኛው የተነሣው ፀሐይ ስለ ቆጣችው ከሆነ፣ ባለ ርስቱ ምን በደለ?

እንግዲህ ሦስቱን አንድ ላይ እናስተያያቸው። አንዱ ረኀቡን በደመና ላይ፣ ሁለተኛው የሰውን ክብር ገና ባልተወለደ ፍጹም ዘር ላይ፣ ሦስተኛው ፍትሕ ፍለጋን በፀሐይ ነጥብ ላይ ጫነው። ሦስቱም ደግ ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን ሰማይ ሃይማኖት በሆነ ቁጥር በምድር ያለው በዳይ ከተጠያቂነት ያመልጣል። በዛሬው ጊዜም ሮኬት የሚሠሩ ባለጸጎች የሰው ልጅ በሌላ ዓለም ካልሰፈረ ይጠፋል እያሉ የጺዮልኮቭስኪን ስም ሲያነሡ፣ ስለ ሠራተኛቸው ደመወዝ ሲጠየቁ እንደዚያ አይረዝሙም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

«ሰው ያለ ሕልም አይኖርም፤ እናንተ የሥነ ፈለክ ጠላቶች ናችሁ» የሚለን ይኖራል። ከቶ አይደለንም። በ2019 ከቻይና የተመጠቀችው የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ስለ እርሻና ስለ አካባቢ መረጃ እንድትሰበስብ ነበር የተሠራችው። ወደ ላይ ወጥቶ ማሳን ለማየት መጣር ያስመሰግናል እንጂ አያስነቅፍም። ከዋክብትንም እንማራቸዋለን፤ እናደንቃቸዋለን፤ አናመልካቸውም።

አንድ ነገር ግን ከፊዮዶሮቭ እንወስዳለን፤ የዛሬ ተከታዮቹ አዘውትረው የሚዘነጉትም እርሱን ነው። ፊዮዶሮቭ ወንድማማችነትን ካፈረሱት ነገሮች ዋነኛው የተማረው ካልተማረው መለየቱ ነው ብሎ አስተምሯል። ምሁሩ ዓለምን ቁጭ ብሎ ይመለከታል፤ ያልተማረው ይሠራል፤ አንዱ ሌላውን አያውቀውም። ይህን የጻፈው ስለ ሞስኮ ምሁራን ነው። እኛና መምህሮቻችን ግን ስናነበው ስለ ሌላ ሰው የተጻፈ አድርገን ልናልፈው አንችልም። ያስተማረን የማን ግብር ነው? የተማርነውስ ለማን ይመለሳል? ከዋክብቱ ላይ ከመድረሳችን በፊት ከአባታችን ማሳ የደረስን ስንቶቻችን ነን?

ስለዚህ ጓደኞቻችን ስለ ኮስሚዝም በሚናገሩበት ስብሰባ ሁሉ ሦስት ጥያቄ እንዲመልሱልን እንጠይቃቸዋለን። ረኀቡን ያመጣው ማን ነው? ፍጹም አይደለም ተብሎ የሚጣለውስ ማን ነው? የጋራውን ሥራ የሚያዝበት ማን ነው? የሚሰጡትን መልስ በዚችው ጋዜጣ ጽፈው ቢያቀርቡ ደስ ይለናል። መልሱ ግን ከምድር የተነሣ ይሁን።