ነፋሱ ባለቤት የለውም፤ ግንቡ ግን ባለቤት አለው

«አሜሪካን የሚያህል አገር የገዛ ዜጎቹን ጣሪያ ላይ ጥሎ ቀናት አሳድሯል። እንግዲህ እኛ ማን ነን ብለን ነው የምናማርረው?»

ይህን የተናገረው አንድ ወንድማችን ነው፤ ቦታውም ሁላችን የምናውቀው ሻይ ቤት። በ2025 የካትሪና አውሎ ነፋስ ሃያኛ ዓመት ሲታሰብ (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በራዲዮ የተነገረውን ከበን አዳመጥን። ሲያበቃ ወንድማችን ብርጭቆውን አኖረና ከላይ ያለውን ተናገረ። የተቃወመው አልነበረም። እኛም ራሳችንን ነቅንቀን ተነሣን። ሌሊቱን ግን ነገሩ ሲከነክነን አደረ። ከዚያ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት «ዝም በሉ» ከሆነ፣ ታሪኩን አልሰማነውም ማለት ነው። ስለዚህ በቃል ያልመለስነውን በጽሑፍ እንመልሳለን። ወንድማችንን ለማሳፈር አይደለም፤ እሱ የተናገረው ብዙዎቻችን በልባችን ይዘን የምንዞረውን ነው።

አስቀድሞ የሆነውን እንይ።

ኒው ኦርሊንስ በሉዊዚያና ግዛት፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናት። ግማሽ ያህሉ ክፍሏ ከባሕር ወለል በታች ስለ ሆነ፣ ውሃውን የሚያግድላት ዙሪያዋን የተሠራው የአፈርና የኮንክሪት ግንብ ነው። ካትሪና ሰኞ ኦገስት 29 ቀን 2005 ማለዳ ከባሕር ወደ የብስ ወጣ። ግንቡ ከ50 በሚበልጡ ቦታዎች ተሰበረ። ከከተማዋ ከመቶው 80 እጅ በውሃ ተዋጠ። በአደጋው የሞቱት ሰዎች ቁጥር ለብዙ ዘመን 1,833 እየተባለ ሲጠቀስ ኖሮ፣ የአገሪቱ የአውሎ ነፋስ ማዕከል በ2023 እንደ ገና መርምሮ 1,392 አድርጎታል። ልብ በሉ፤ በዚያች ሀብታም አገር ሙታንን አስተካክሎ ለመቁጠር እንኳ ይህን ያህል ዓመት ፈጅቷል። በሉዊዚያና ከሞቱት ግማሽ ያህሉ 75 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው አዛውንት ነበሩ።

«የእግዜር ቁጣ ነው፤ ከእግዜር ማን ይሟገታል?» የሚል አይጠፋም። እኛም ከእግዜር አንሟገትም። የምንሟገተው ግንቡን ከሠራው ጋር ነው። ግንቡን የነደፈውና የሠራው የአገሪቱ ጦር የመሐንዲሶች ጓድ ነበር። ይኸው ጓድ በጁን 2006 ባወጣው ከ6,000 ገጽ በላይ በሆነ ዘገባ፣ የሠራው ሥራ የንድፍ ጉድለት እንደ ነበረበት አምኗል። በአንዳንዱ ቦይ ግንቡ የወደቀው ውሃው አናቱን አልፎ ስለ ፈሰሰ አይደለም፤ መሠረቱ የቆመበት ለስላሳ አፈር ስለ ከዳው ነው። ነፋሱን ማንም አላዘዘውም። አፈሩን የለካ፣ ወጪውን የቆጠበ፣ «ይበቃል» ብሎ የፈረመ ሰው ግን ነበረ።

«አላወቁም ነበር» ማለትም አይቻልም። በጁላይ 2004፣ ከአደጋው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሹማምንቱ ተሰብስበው «ፓም» የሚል ስም በሰጡት የምናብ አውሎ ነፋስ ልምምድ አድርገዋል። ከተማዋ ብትሰጥም ምን እንደሚሆን በወረቀት ላይ አይተውታል። ከዚያስ? ከንቲባው ሬይ ኔግን ሰዉ ሁሉ በግዴታ ከተማዋን ለቆ እንዲወጣ ያዘዙት ነፋሱ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ኦገስት 28 ነው። መኪና ያለው ወጣ። የሌለውስ? መኪና በሌለው ቤት የሚኖረው ሰው ከ100,000 በላይ መሆኑ አስቀድሞ የታወቀ ነበር። ሆኖም በመቶ የሚቆጠሩ የተማሪ ማመላለሻ አውቶቡሶች ማንንም ሳይጭኑ፣ በቆሙበት ሜዳ ውሃ ዋጣቸው።

በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ሳለን መምህሮቻችን ደጋግመው የነገሩን አንድ ነገር ነበር፦ አንድ ተማሪ ቢወድቅ ተማሪውን ጠይቁ፤ ክፍሉ በሙሉ ቢወድቅ ግን ራሳችሁን መርምሩ። «ውጡ ተብለው ያልወጡት የገዛ ጥፋታቸው ነው» የሚለውን ወቀሳ በዚህ ሚዛን እንመዝነው። መቶ ሺህ ሰው በአንድ ቀን ሰነፍ አይሆንም።

የቀሩት ጣሪያ ወዳለው ሱፐርዶም የተባለ ስታዲየም ገቡ። 20,000 ያህል የሚገመቱ ሌሎች ደግሞ በከተማዋ የስብሰባ አዳራሽ ተጠለሉ፤ አብዛኞቹ ጥቁሮችና ድሆች ነበሩ። ምግብና ውሃ የያዘው ጦር አዳራሹ ዘንድ የደረሰው ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 2 ነው። በዚህ መካከል አንድ ሌላ ነገር ከተማዋን አጥለቀለቃት፤ ወሬ። «በስታዲየሙ ሰው ይታረዳል፤ ሴት ይደፈራል፤ ሕፃን ይገደላል» ተባለ። ከሹማምንት አፍ ሳይቀር ተሰማ። በኋላ ሲጣራ አብዛኛው ሐሰት ሆኖ ተገኘ። ወሬው ግን ሥራውን ሠርቶ ነበር፤ ሊያድን የሚሄደው እንደሚዋጋ ሰው ታጥቆ ሄደ። ወደ ግሬትና በሚወስደው ድልድይ በእግራቸው ሊሻገሩ የመጡትን ፖሊሶች መሣሪያ ይዘው መለሷቸው። ሴፕቴምበር 4 ቀን በዳንዚገር ድልድይ ላይ ፖሊሶች ምንም መሣሪያ ባልያዙ ሰዎች ላይ ተኩሰው ሁለት ገደሉ፤ አራት አቆሰሉ።

በሌላ በኩል ደግሞ የሚያጽናና ነገር ነበር። ጀልባ ያላቸው ዓሣ አጥማጆችና ተራ ሰዎች ጀልባቸውን በመኪና እየጎተቱ መጥተው ከጣሪያ ላይ ሰው አወረዱ። የባሕር ጠረፍ ጠባቂው ኃይል ከ33,000 በላይ ሰው አዳነ። እንግዲህ ማዳን ይቻል ነበር። ወንድማችን «አሜሪካም አልቻለችም» ያለው ስሕተት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ እኛ ስም እንምጣ። በዚያ ሳምንት ጋዜጠኞች ቤታቸውን የለቀቁትን ሰዎች «ስደተኞች» ብለው ጠሯቸው። ታላቅ ቁጣ ተነሣ። ጄሲ ጃክሰንና ሌሎችም ቃሉ ስድብ ነው አሉ። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽም ሴፕቴምበር 6 ቀን «ስደተኞች አይደሉም፤ አሜሪካውያን ናቸው» አሉ። አንዳንድ ጋዜጦች ቃሉን ተዉት። በሕጉ በኩል ተቃዋሚዎቹ ልክ ነበሩ፤ በ1951ዱ ውል መሠረት ስደተኛ የሚባለው የአገሩን ወሰን ተሻግሮ የወጣ ነው። ነገር ግን ቃሉ ለምን እንደ ስድብ ተቈጠረ? እኛ ይህን ስም በካርዳችን ላይ ይዘን የምንኖር ሰዎች ጥያቄውን ማለፍ አንችልም።

መልሱ እንዲህ ይመስለናል። እነዚያ ሰዎች «እኛ ዕዳ የሚከፈለን እንጂ ምጽዋት የሚወረወርልን አይደለንም» ማለታቸው ነው። በዚህ ፍጹም እንስማማለን። የማንስማማው በውስጡ በተደበቀው ሐሳብ ነው፤ ስደተኛ ማለት ማንም ዕዳ የሌለበት ሰው ነው በሚለው። መንግሥታት የ1951ዱን ውል ፈርመዋል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም በ1969 የራሱን ውል አጽድቋል። ፊርማ ያለበት ነገር ዕዳ ነው። ተሰልፈን የምንቀበለው ራሽን የደግ ሰው ትራፊ አይደለም። ምስጋና ተገቢ ነው፤ ምስጋና ግን ጥያቄን አይከለክልም።

የኒው ኦርሊንስ ሰዎች ጠየቁ። ያገኙት ሁሉ መልካም ነበር ብለን አናታልላችሁም። የአደጋ መከላከያው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ማይክል ብራውን ፕሬዚዳንቱ በአደባባይ ባመሰገኗቸው በአሥረኛው ቀን፣ ሴፕቴምበር 12፣ ሥልጣን ለቀቁ። የምክር ቤቱ መርማሪ ኮሚቴ በፌብሩዋሪ 2006 ጥፋቱ ከላይ እስከ ታች የመንግሥት መሆኑን ጻፈ። ነገር ግን ስለ ተሰበሩት ቦዮች ጓዱ ላይ የቀረበው ክስ በ2008 ውድቅ ሆነ፤ ከ1928 ጀምሮ በጎርፍ መከላከያ ሥራ መንግሥትን ከክስ የሚሰውር ሕግ ስለ ነበረ። ጥፋቱ ታመነ፤ ካሣው ቀረ። ቢሆንም ጩኸቱ ባዶ አልቀረም። ከ14 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶ ግንቡ እንደ ገና ተሠራ። ልክ በአሥራ ስድስተኛው ዓመት፣ ኦገስት 29 ቀን 2021፣ አይዳ የተባለው አውሎ ነፋስ ከካትሪና በሚበረታ ነፋስ መጣ። ከግንቡ ውጪ ያሉ ሰፈሮች ተጎድተዋል፤ የከተማዋም መብራት ጠፍቷል። አዲሱ ግንብ ግን አልተሰበረም። በ2005 ያ ሁሉ ሰው መስጠሙ የማይቀር ዕጣ አልነበረም ለሚለው ክርክራችን ከዚህ የበለጠ ምስክር አንፈልግም።

ለኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1973 በወሎ ዝናቡ ቀረ፤ ሕዝቡ ግን የረገፈው ዝናብ ስለ ቀረ ብቻ አልነበረም። አማርትያ ሴን በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ የወሎ ሰው ሲራብ ከወሎ እህል ይወጣ ነበር፤ የጎደለው ገዝቶ የመብላት አቅም ነበር። መንግሥት ግን ነገሩን ሸፈነ። ድርቁን «የሰማይ ሥራ» እያሉ ረኃቡን ከሰማይ ጋር አብሮ መጠቅለል ለማን እንደ ጠቀመ ታላላቆቻችን ያውቃሉ።

እስካሁን ጣታችን ወደ ሌላ ሰው ነበር። አሁን ወደ ራሳችን እንመልሰው።

ባለፈው የዝናብ ወራት ደረቁ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ መጣ። በታችኛው ብሎክ ጭቃው ቤት ገባ፤ የብዙ ሰው ሸራ ተጠርጎ ሄደ። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎቹ አብዛኞቻችን የምንኖረው ከፍ ባለው ቦታ ነው። ምን አደረግን? ባትሪ ይዘን ወጥተን ዳር ቆምን። «ለቢሮው ተነግሯል ወይ?» «የብሎኩ መሪ የት አለ?» «ያ እንኳ የኛ ብሎክ አይደለም» ተባባልን። እኛ ይህን ስንል የደቡብ ሱዳን ወጣቶች በገመድ ተያይዘው ሕፃናቱን በትከሻቸው ያወጡ ነበር። በነጋታው ደግሞ «የታችኞቹ ሸራ እየሰረቁ ነው» የሚል ወሬ ተነሣ። እኛ፣ መምህራን ነን የምንለው፣ ሳናጣራ አስተላለፍነው። ሌባ የተባለው ሰው ጎርፍ የወሰደበትን የራሱን ሸራ ከጭቃ ጎትቶ ወደ ልጆቹ የሚመለስ አባት ነበር። ይቅርታ የጠየቀው የለም። በዚህ ገጽ እንጠይቀዋለን፤ አማርኛ የሚያውቅ ጎረቤት ካለው ያንብብለት።

በዚያው ጎርፍ አንዲት የኮንጎ እናት ራሽን ካርዳቸው ጠፋባቸው። ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ሲላኩ፣ ምትክ ለማግኘት የጠፋውን ካርድ ይዘው እንዲመጡ ሲጠየቁ፣ ሦስት ሳምንት ያበሏቸው ጎረቤቶቻቸው ናቸው። መስኮቱ ጥፋተኛ ነው። ግን አብረናቸው ሄደን በመስኮቱ ፊት የቆምን ስንት ነን?

«እኛ ድምፅ የለንም፤ እነሱ መራጮች ናቸው» ይባላል። እውነት ነው። የኒው ኦርሊንስ ሰው ከንቲባውን መርጦ ያወርዳል፤ እኛ የምናወርደው ሹም የለም። ለዚህም ነው ወረቀት የሚያስፈልገን። ሻይ ቤት ውስጥ የሚነገር ማማረር ከብርጭቆው ጋር ታጥቦ ይሄዳል። ቀን የተጻፈበት፣ ብዙ ሰው የፈረመበት፣ ግልባጩ በእጃችን የቀረ ማመልከቻ ግን «አላወቅንም ነበር» የሚለውን በር ይዘጋል።

ስለዚህ ከዚህ ዝናብ በፊት አራት ነገር እናድርግ እንላለን። አንደኛ፣ በየብሎኩ ብቻቸውን የሚኖሩትን አዛውንት፣ ሕሙማንና ነፍሰ ጡሮች የየትም አገር ሰው ቢሆኑ እንመዝግብ፤ በሌሊት ማን የማንን በር እንደሚያንኳኳ ይታወቅ። ሁለተኛ፣ ገመድና ባትሪ በአንድ ቤት ይቀመጥ፤ እያንዳንዳችን ከራሽናችን ጥቂት ሸጠን እናዋጣ። ሦስተኛ፣ የውሃ መውረጃው ቦይ እንዲቆፈር፣ በታችኛው ብሎክ ያሉትም ወደ ከፍታው እንዲዛወሩ የሚጠይቅ ማመልከቻ በአማርኛ፣ በዐረብኛና በስዋሂሊ ይጻፍ፤ እኛ አማርኛውን ለመጻፍ ቃል ገብተናል። አራተኛ፣ በዐይኑ ያላየውን ስርቆት የሚያወራ ሰው «አይተሃል ወይ?» ተብሎ ይጠየቅ።

ወንድማችን ሆይ፣ እንግዲህ መልሳችን ይህ ነው። የኒው ኦርሊንስ ሰዎች በጣሪያ ላይ መቅረታቸው እኛ በጭቃ ውስጥ ዝም እንድንል ምክንያት አይሆነንም። እነሱ ዝም አላሉም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ምዝገባውን ከታችኛው ብሎክ እንጀምራለን፤ አንተም ብትመጣ ደስ ይለናል። የምትቃወመን ከሆነም ብዕርህን አንሣ፤ በሚቀጥለው እትም ቦታ እንተውልሃለን። ይህን ያነበበም ለጎረቤቱ ያስተላልፍ፤ የጻፍነው ጥቂት ቅጂ ብቻ ነው።